የድሮ ስፖርት መኪና ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቫልቩን እዩ

የድሮ ስፖርት መኪና ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዝገቱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነው። ይጠየቅ፣ ተገቢ ነው። ግን መኪናው ቤት ከገባ በኋላ በየጠዋቱ የምትሰሙት ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ተነስቶ ሚኒሞ ላይ ሲቆም ከላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ይመጣል። ይሄ ድምጽ አንዱ መኪና ላይ ጤና ነው፣ ሌላው ላይ ደግሞ ገንዘብ አዘጋጁ ማለት ነው። አንዱን መኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ፣ ሌላውን ለማስተካከል ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚገፋውን ዘንግ) መንቀል ሊኖርባችሁ ነው፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ የሚስተካከል ነገር የለውም። ሰው ሲያማክረኝ የምለው አንድ ነገር ነው፤ በመኪናው ፍቅር ከመውደቃችሁ በፊት ቫልቩ በምን መንገድ እንደሚስተካከል እወቁ፣ ከዛ ከራሳችሁ ጊዜ፣ ከእጃችሁና ከኪሳችሁ ጋር አስተያዩት።

ይሄ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው አሜሪካ፣ አውሮፓና የገልፍ አገሮች ላላችሁ ነው፣ እነዚህ መኪኖች የሚሸጡት እዛ ነውና። አገር ቤት በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖችን ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ነገሩ ራቅ ብሏል። ቢሆንም ቮልስ ወይም ላዳ ላይ እጃችሁን ያፍታታችሁ ካላችሁ ከምታስቡት በላይ ዝግጁ ናችሁ፣ ለምን እንደምል እመጣበታለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክፍተቱ ለምን ኖረ?

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቫልቭ ማለት አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበትን፣ የተቃጠለው ጋዝም የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ ብረት ነው። ካምሻፍቱ ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል፣ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። በሚገፋውና በቫልቩ ጫፍ መሃል ትንሽ ክፍተት ይተዋል፣ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም። ማስወጫው ቫልቭ በተቃጠለ ጋዝ ስለሚጠበስ ብዙ ሞተሮች ላይ ከማስገቢያው ሰፋ ያለ ክፍተት ይሰጠዋል። የምትሰሙት ቀጭ ቀጭ ይሄ ክፍተት በየዙሩ ሲዘጋ፣ ብረት ከብረት ሲገናኝ ነው።

ክፍተቱ ሲሰፋ ድምጹ ይጨምራል። ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቀድሞ ይዘጋል፣ ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል፣ በጊዜ ብዛት ደግሞ የሚገናኙት ፊቶች ይቀጠቀጣሉ። ሲጠብ ግን ድምጹ ይጠፋል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ማስወጫ ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ በተቀመጠባት ቅጽበት ነው፤ ክፍተት ከሌለው ጥብቅ ብሎ አይቀመጥም፣ ሙቀቱ እዛው ይቀራል፣ በጠርዙ የሚያመልጠው እሳት የሆነ ጋዝም ጠርዙን ይበላዋል። መጨረሻው የተቃጠለ ቫልቭ፣ የወረደ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት)፣ የተነቀለ ቴስታታ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ስሙት እስቲ፣ ድምጽ የለውም» ብሎ ሲኮራ፣ «ቫልቩ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው?» በሉት። ድምጹ ገዢ እንዳያስደነግጥ ክፍተቱን አጥብቦ ለገበያ የሚያወጣ ሰው አለ።

ጤነኛ የድሮ ሞተር የልብስ ስፌት መኪና ድምጽ አለው፤ እኩል፣ ቀለል ያለ፣ የማይቆራረጥ። የሚያሳስበው ከመሃል አንዱ ብቻ ጎልቶ ሲወጣ ነው።

ቀጭ ቀጩ ሁሉ ቫልቭ አይደለም

ወደ ምርጫው ከመሄዳችን በፊት ይሄን ካላለፍን ያለ ምክንያት ጥሩ መኪና ትተዋላችሁ፣ ወይም መጥፎውን ትገዛላችሁ።

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ቀድማችሁ ለሻጩ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን አስከፍታችሁ እጃችሁን ጠጋ አድርጉ፤ ሞቅ ካለ «አሁን ከሱቅ መጥቼ ነው» ቢላችሁም ሌላ ቀን ተመለሱ። ብዙ ድምጽ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው፣ ሲሞቅ ይደበቃል።

ካምሻፍት የሚዞረው በክራንኩ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ግማሽ ፍጥነት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ላይ ከቆመ አንድ ቫልቭ በደቂቃ 400 ጊዜ ነው የሚመታው፣ በሰከንድ ስድስት ሰባት ማለት ነው። ጆሯችሁ ይሄን ቶሎ ይለምደዋል። ከዛ በእጥፍ የፈጠነ ወይም ጋዝ ስትሰጡት ዱቅ ዱቅ እያለ ከታች የሚመጣ ከሆነ ስለ ቫልቭ ማውራቱን ተዉትና ወደ ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) አስቡ። እሱ ሌላ በጀት ነው።

የጭስ ማውጫው ቴስታታው ላይ በሚታሰርበት በኩል የተቃጠለ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የተሰበረ ብሎን ካለ ልክ የቫልቭ ድምጽ የመሰለ ነገር ይሰማል፣ ሲሞቅም ብረቱ ስለሚሰፋና ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ይጠፋል። ለመለየት ጋዝ በተረገጠ ቁጥር ድምጹ ይባባስ እንደሆነ አዳምጡ፣ በመጋጠሚያው ዙሪያም ጥቁር ጥላሸት ፈልጉ። የነዳጅ ኢንጀክተሮችም ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ያ ሥራቸው ነው። የካም ሰንሰለት የላላ እንደሆነ ደግሞ ድምጹ የሚመጣው ከሞተሩ አንድ ጫፍ ነው፣ የሚንኳኳ ሳይሆን የሚንኮሻኮሽ ዓይነት ነው። ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱ፣ ጫፉን የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ስር አድርጉ፣ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው እየሄዳችሁ ስሙ። ከሚዞር ነገር ግን ራቁ፣ ልብሳችሁንም ሰብስቡ።

በቁልፍና በካቻቢቴ የሚስተካከሉት

ራሴ ልሥራው ለሚል ሰው የምመርጠው ይሄን ወገን ነው። ክፍተቱን የሚቆጣጠር ብሎን ወይም እሱን የመሰለ ነገር አለ፣ በዳዶ ይታሰራል፣ ዳዶውን ፈትታችሁ ታዞሩታላችሁ፣ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ትለካላችሁ፣ መልሳችሁ ታስራላችሁ። መለዋወጫ የሚገዛለት ጓርኒሲዮኑ ብቻ ነው።

ቀላሉ ኤምጂቢ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አቢንግደን ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፣ ዛሬም መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል። ስምንት ቫልቭ በአንድ መስመር፣ ከላይ፣ ፊት ለፊታችሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክፍተቱ 0.015 ኢንች፣ ማለትም ወደ 0.38 ሚሊሜትር ነው። የዘጠኝን ሕግ ከያዛችሁ ደግሞ ጭንቅላት አያዞርም፤ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲቆም 1ኛውን ታስተካክላላችሁ፣ 3ኛው ሲከፈት 6ኛውን፣ ሁልጊዜ ድምሩ ዘጠኝ ነው። አስተካክላችሁም ድምጹ አልጠፋ ካለ ሮከሩን (ቫልቩን የሚጫነውን ክንድ) ገልብጣችሁ እዩት። ቫልቩን የሚነካው ፊት ሲበላ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ይላል፣ ፊለር ጌጁ ጎድጓዳውን ተሻግሮ በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ 0.38 ብሎ የነገራችሁ ክፍተት በእውነቱ ከዛ የሰፋ ነው። መፍትሔው ሮከሮቹንና ዘንጋቸውን መቀየር ነው፣ እሱም ኪስ የሚያራቁት አይደለም።

የኤምጂቢ ሌላው ጉዳይ ቤንዚን ነው። እነዚህ የብረት ቴስታታዎች የተሠሩት ቤንዚን ውስጥ እርሳስ በሚጨመርበት ዘመን ነው። እርሳስ አልባ ቤንዚን ላይ ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዱ የማስወጫው መቀመጫ እየተበላ ቫልቩ ወደ ላይ ይሰምጣል፣ ክፍተቱም በዝምታ ይጠባል። ቴስታታው ጠንካራ መቀመጫ ገብቶለት እንደሆነ ጠይቁ። ካልገባለት በየጊዜው መለካት ግድ ነው።

ቢኤምደብሊው 2002 በ1968 ወጥቶ እስከ 1976 ድረስ ተሠርቷል። ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር፣ ለማስገቢያውም ለማስወጫውም አንድ ነው። ይሄን ስትሠሩ ማየት ደስ ይላል። በሮከሩ ጫፍ ላይ ከመሃሉ ወጣ ብሎ የተበሳ ትንሽ ክብ ብረት አለ፤ ዳዶውን በ10 ቁጥር ቁልፍ ታላሉታላችሁ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ቀዳዳዋ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ሽቦውን ገፋ ሳብ ስታደርጉ ክብ ብረቱ ይዞርና ክፍተቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። የብስክሌት ራጂ ብትቆርጡ ይበቃል። ፊለር ጌጁ በአንድ እጅ፣ ሽቦው በሌላው፣ ቁልፉን የሚያጠብቅ ሦስተኛ እጅ ትፈልጋላችሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ጓደኛ ጥሩ።

ዳትሰን 240ዜድ ለእኛ ሰው የተሠራ ይመስለኛል። በ1969 ወጣ፣ እስከ 1973 ቆየ፣ 2.4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር። ካሙ ከላይ ነው፣ ቫልቩን የሚገፋው ኳስ በመሰለ ብሎን ጭንቅላት ላይ የተቀመጠ ጣት የመሰለ ሮከር ነው። ብሎኑን በ14፣ ዳዶውን በ17 ቁጥር ቁልፍ ታዞራላችሁ። የድሮ ላዳ ላይ የሠራችሁ እዚህ ጋ ፈገግ በሉ፤ ላዳም አሠራሩ ይሄው ነው፣ ብሎኑ 13፣ ዳዶው 17፣ ክፍተቱ 0.15። አዲስ አበባ ታክሲ ስር ያደገ እጅ 240ዜድ ላይ ምንም አይቸገርም። የዜዱ ክፍተት በቀዝቃዛ ለማስገቢያ 0.20፣ ለማስወጫ 0.25 ሚሊሜትር ነው፤ በሙቅ ከሠራችሁ 0.25 እና 0.30። አስተካክላችሁትም ትንሽ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይበል። አንዱ ብቻ ጮሆ ከወጣና በማስተካከል ካልተመለሰ ግን የካሙን ጉብታ በእጅ ባትሪ እዩ፤ ፊቱ ከተፋቀ ዘይቱ በደንብ አልደረሰውም ማለት ነው። ካሙን ከላይ ዘይት የሚረጭ ቱቦ ያለው ሞተር ከሆነ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ላልቶ እንደሆነ አረጋግጡ።

ፖርሸ 911 ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው በብዛት የሚመኘውም የሚፈራውም እሱን ነውና። በአየር የሚቀዘቅዙት 911ዎች ከ1964 ጀምሮ 964 እስከሚባለው ትውልድ ድረስ፣ ያ ማለት እስከ 1994፣ በብሎንና ዳዶ ነው የሚስተካከሉት። 12 ቫልቭ፣ ሁሉም 0.10 ሚሊሜትር፣ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ማታ አድሮ። ሥርዓቱ የቮልስ ዘመድ ነው፤ ቮልስ ላይ 0.15 የለካ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ክራንኩን አንደኛው ሲሊንደር ላይ ታቆማላችሁ፣ ሁለቱን ቫልቮች ትጨርሳላችሁ፣ ከዛ 120 ዲግሪ አዙራችሁ ወደ 6፣ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 3፣ 5።

በወረቀት ቀላል ነው። በተግባር ማስወጫዎቹ ከታች ናቸው፣ መኪናውን አንስታችሁ ስሩ ትገባላችሁ፣ ከጭስ ማውጫውና ከማሞቂያ ሳጥኑ ጋር እየተጋፋችሁ በአንድ ጣት ስፋት ቦታ ውስጥ ነው ፊለር ጌጁን የምታስገቡት። የታችኛውን ክዳን ስትከፍቱ ዘይት ይወርዳል፣ ሳህን አዘጋጁ። ብሎኑን በካቻቢቴ ይዛችሁ ዳዶውን በ13 ቁልፍ ስታጠብቁ ብሎኑ ትንሽ አብሮ ይዞራል፣ ያቺ ትንሽዬ መዞር 0.10ን 0.07 ታደርገዋለች። ስለዚህ ካሰራችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ሁልጊዜ። 0.10 ቅጠል ትንሽ እየያዘች ትግባ፣ ቀጣይዋ ወፍራም ቅጠል አልገባም ትበል። ሁለቱም ከተሟሉ ወደ ቀጣዩ እለፉ። እጃችሁ እስኪለምድ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩሉ።

የታችኛውን ክዳን ከፍቶ ማየት ሌላም ጥቅም አለው። 1978–1983 የተሠራው 911 ኤስሲ ላይ ቴስታታውንና ሲሊንደሩን የሚያስሩት ረጃጅም ብሎኖች በታችኛው በኩል መሰበራቸው የታወቀ ነው። ክዳኑ ሲወርድ ዳዶና ሮንዴላ ዘይት ውስጥ ተኝተው ካገኛችሁ የቫልቭ ማስተካከያው ወደ ሞተር ማውረድ ተቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ኤስሲ ልትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የታችኛው ክዳን ተከፍቶ ይታይ በሉ። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱ ያ ነው። ከ1984 በፊት የነበሩት ላይ ደግሞ የሰንሰለት መወጠሪያው ደካማ ስለሆነ፣ ሲነሳ የሚንኮሻኮሸውን ቫልቭ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የ1984ቱ 3.2 ካሬራ በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያ ይዞ መጣ፣ ቀደምቶቹም ብዙዎቹ በዛው ተቀይረውላቸዋል።

ከዚህ ወገን በዕድሜ ትንሹ ሆንዳ ኤስ2000 ነው፣ ከ1999 እስከ 2009። ማስገቢያው ከ0.21 እስከ 0.25፣ ማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.29፣ በቀዝቃዛ። ለመሥራት ምቹ ነው። እሱ ላይም የሰንሰለት መወጠሪያው ሲደክም ድምጹ ከቫልቭ ጋር ይምታታል።

በሺም የሚስተካከሉት

እዚህ ብሎን የለም። በካሙና በቫልቩ መሃል ታፔት የሚባል ጽዋ መሰል ብረት አለ፣ ክፍተቱን የሚወስነው ሺም የሚባል በልክ የተሠራ ክብ ብረት ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ወፍራም፣ ከጠበበ ስስ ሺም ትተካላችሁ። ጥሩነቱ የሚላላ ነገር ስለሌለ አንዴ ከተስተካከለ ረጅም ጊዜ ይቆያል። መጥፎነቱ የሚያስፈልጋችሁን ልክ ሳትለኩ አታውቁትም፣ ለክታችሁ ስታውቁት ደግሞ ሺሙ እጃችሁ ላይ የለም፣ መኪናው ተከፍቶ መለዋወጫ ትጠብቃላችሁ።

ዋናው ጥያቄ ሺሙ ከታፔቱ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው።

ፊያት 124 ስፓይደር፣ ከ1966 እስከ 1985፣ ከላይ ነው። ሞተሩን የነደፈው ቀደም ሲል ፌራሪ ቤት የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ታፔቱን ወደ ታች የሚጫን መሣሪያ አለ፤ ተጭናችሁ ሺሙን በቀጭን ነገር ቆስቁሳችሁ በማግኔት ታወጣላችሁ፣ ካሙ ከቦታው ሳይነሳ። ክፍተቱ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ከፖርሸ ወይም ከዳትሰን ጆሮ ለመጣ ሰው ጮክ ይላል። አትደንግጡ። ይህ ሞተር ካሙን በቺንጋ ነው የሚያዞረው፣ ቫልቩን ስትለኩ የቺንጋውን ዕድሜም አብራችሁ ጠይቁ፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭ ከፒስተን ሊጋጭ ይችላል፣ ያኔ ስለ ክፍተት የሚያወራ የለም።

የመጀመሪያው ቶዮታ ኤምአር2፣ ከ1984 እስከ 1989፣ 4ኤ-ጂኢ ሞተር ያለውም እንዲሁ ሺሙ ከላይ ነው። 16 ቫልቭ፣ ማስገቢያ ከ0.15 እስከ 0.25፣ ማስወጫ ከ0.20 እስከ 0.30። ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ ስለሆነ ጎንበስ ቀና ይበዛል፣ ነገር ግን ብዙዎቹን ስትለኩ ገና ልካቸው ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ከሺሞቹ ወገን ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው።

አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር፣ ከ1966 እስከ 1993፣ ሺሙ ከታፔቱ በታች፣ በቀጥታ የቫልቩ ጫፍ ላይ ቆብ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። አንዱን ለመቀየር ካሙ ይነሳል። መጀመሪያ ስምንቱንም ለኩና ጻፉ፣ ከልክ የወጣ ካለ ብቻ ካሙን አንሱ፣ ያለውን ሺም በማይክሮሜትር ለኩ፣ ቀንሱ ደምሩ፣ እዘዙ። ይሄ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፣ ሺሙ እጃችሁ ላይ ከሌለ ደግሞ የሁለት። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው አልፋን ይሸሻል፤ እኔ አልስማማም። በወግ የተስተካከለ አልፋ ለብዙ ዓመት አይነካካም፣ ሺሙ ከታፔቱ ስር ስለተደበቀም በከፍተኛ ዙር አይወጣም። ከላይ የሚቀመጥ ሺም ግን ቫልቩን በጣም ከፍ አድርጎ የሚከፍት ካም ተገጥሞለት ለውድድር ሲነዳ ከቦታው ሊተፋ ይችላል። መኪናውን ትራክ ላይ ልታወጡት ከሆነ ይሄን ቁጠሩት።

አልፋ ላይ አንድ ልዩ ድምጽ አለ። ከ1980 ጀምሮ የማስገቢያውን ካም ጊዜ የሚቀይር ዘዴ ገጥመውበታል፣ ገበያ ላይ በወጣ መኪና ይሄ የመጀመሪያው ነው። ያ ክፍል ሲያረጅ ሲነሳ የናፍጣ መኪና የመሰለ መንቀጥቀጥ ያሰማል። ቫልቭ ብትለኩ ምንም አታገኙም፣ የሚቀየረው እሱ ነው።

ራሳቸውን የሚያስተካክሉት

ሃይድሮሊክ ታፔት ውስጥ ዘይት ገብቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። የምትለኩት የለም፣ የምታጠብቁት የለም። ፖርሸ 944፣ ከ1982 እስከ 1991፣ እንዲህ ነው። 911ም በመጨረሻው አየር ቀዝቃዛ ትውልዱ፣ 993 ላይ፣ ወደዚህ ተሻገረ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ከ1989 እስከ 1997 ሃይድሮሊክ ነው፣ የሚገርመው ሁለተኛው ትውልድ ወደ ሺም ተመለሰ፤ ማስገቢያው ከ0.18 እስከ 0.24፣ ማስወጫው ከ0.28 እስከ 0.34። ስለዚህ «ኤምኤክስ-5 ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ዓመቱን እዩ።

ማታ የቆመ ሃይድሮሊክ ታፔት ውስጡ ያለው ዘይት ይፈሳል፣ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ቀጭ ቀጭ ቢል ጤነኛ ነው። ሞቆም ካልተወ መጀመሪያ የዘይቱን መጠን እዩ። ያነሰ ዘይት አየር ያስገባል፣ የበዛውም ክራንኩ እየመታው አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃልና ታፔቱን አይሞላም። ከዛ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ መጽሐፉ የሚለውን ውፍረት። ወፍራም ዘይት ጨምራችሁ ድምጹን ለመደበቅ አትሞክሩ፤ ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ወፍራሙ ዘይት ታፔቱ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ነገሩን ያባብሰዋል። በተቃራኒው ዱባይ ወይም ኩዌት በበጋ መንገድ ተዘግቶ ስትቆሙ ዘይቱ ስለሚቀጥን ሚኒሞ ላይ ድምጽ ቢጀምር አይግረማችሁ፣ እዛ ለሙቀቱ የተፈቀደውን ውፍረት ተጠቀሙ። ማዝዳው ላይ ዘይት ተቀይሮ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረጅም መንገድ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። እንቢ ካለ ታፔቶቹ ይወጣሉ፣ ካሙ ይነሳል፣ ይቀየራሉ። የሃይድሮሊክ ዋጋው ያን ቀን ነው የሚመጣው።

ለቀሩት ለአሮጌዎቹ ደግሞ ዘይቱ ላይ ዚንክ ያለውን ምረጡ። ካምና ሮከር ተፋትገው በሚሠሩበት ሞተር ላይ ዚንክና ፎስፈረሱ ነው ፊቱን የሚጠብቀው፣ ለአዳዲስ መኪኖች የሚሸጡት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ይሄ ተቀንሷል። ለክላሲክ መኪና ተብሎ የተዘጋጀ 20ደብሊው-50 ኤምጂቢ ላይ ችግር የለበትም።

እንግዲህ የቱን?

እጃችሁን ማቆሸሽ የማትፈልጉ፣ ቁልፍ አዙራችሁ መንዳት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያውን ኤምኤክስ-5 ግዙ። 944 ርካሽ ሆኖ ሲታይ ያጓጓል፣ ቫልቩም አያስቸግርም፣ ግን የቺንጋ ሥራው ከቫልቭ የሚቆጥብላችሁን መልሶ ይወስደዋል።

መሥራት እየተማራችሁ መንዳት የምትፈልጉ ከሆነ ኤምጂቢ። የተሳሳተ ነገር ብታደርጉ እንኳ ከፍቶ መመለስ ቀላል ነው። ጀማሪ ካልሆናችሁና ገንዘቡ ካለ 240ዜድ ይበልጣል፣ ዋጋው እየወጣ ስለሆነ ግን ዝገቱን ሳታዩ አትቸኩሉ። 2002 በሁለቱ መሃል ነው፣ ቤተሰብም ይጭናል፣ እኔ ብጠየቅ ልቤ እዛ ነው።

911 የሚገዛ ሰው ቫልቩን ራሱ የሚሠራ ወይም በየጊዜው የሚያሠራበት በጀት በጎን ያስቀመጠ መሆን አለበት። «ቆይ በሚቀጥለው ዓመት» የሚባል ነገር ያ ሞተር ላይ አይሠራም፣ አጥብቦ ዝም ይልና ማስወጫ ያቃጥላል። በሌላ በኩል አገልግሎቱ ከተጠበቀለት ብዙ ሞተር ያረጃል እሱ ይቀጥላል።

ሺም ያለውን መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ከቀለሙ በፊት አንድ ወረቀት ጠይቁ፤ የእያንዳንዱ ቫልቭ ክፍተትና የሺሙ ውፍረት የተጻፈበት። ያንን ወረቀት የሚያወጣ ባለቤት መኪናውን እንዴት እንደያዘ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ዋጋ ሲከራከር ትንሽ ልቀቁለት። ወረቀቱ ከሌለ ከዋጋው ላይ የካም ማንሳት ሥራ ቀንሱ።

የቱንም ገዛችሁ የቱን፣ መኪናው ቤት እንደገባ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን እዘዙ፣ ሲደርስ ማታ አሳድራችሁ ጠዋት በቀዝቃዛው ሁሉንም ለኩ። ማስተካከል ባያስፈልግ እንኳ ቁጥሮቹን ጻፉ፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን አክሉበት። በሚቀጥለው ስትለኩ አንዱ ቫልቭ ብቻ ከጓደኞቹ ተለይቶ እየጠበበ ከሆነ በአጋጣሚ አይደለም፣ መቀመጫው እየተበላ ወይም ቫልቩ እየተሳበ ነው። ያኔ ኮምፕሬሽን አስለኩ፣ ገና ድምጽ ሳይኖር።